ወደ ውጭ የሚከፈት በር

እማዬ መርካቶ፣ ጭድ ተራ ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢያችን አንዲት ላም ነበረቻት። ዛሬ ይህን ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ነው፤ ሰው መቆሚያ ባጣበት ሰፈር ላም ምን ልትሠራ? ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 እስኪወጣ ባሉት ዓመታት የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደዚህ ሲገፋው ስለ ላም ያሰበ አይመስለኝም። እኛ ግን ጭዱ ደጃችን ስለነበር ራቅ ብለው ላም ካላቸው ሰዎች ይሻለን ነበር።

እማዬ ጭድ ስትገዛ፣ ዋጋ ሳትጠይቅ በፊት ክንዷን እስከ ክርኗ ማዳበሪያው ውስጥ ትከታለች። ከላይ ያለው ሁልጊዜ ደረቅ ነው፤ ጉዱ ያለው መሃል ላይ ነው። የዘገነችውን አውጥታ ታሸታለች፤ ሻጋታ ከሸተታት ነጋዴው ቢምል ቢገዘት አትሰማውም። ላሟ መውለጃዋ ሲቃረብ ደግሞ ከምትበላው ሌላ፣ ለንጣፍ ብቻ ሁለት ማዳበሪያ ትጨምራለች። ያኔ ለላሟ ምቾት ይመስለኝ ነበር። ሊሾ ላይ የፈሰሰ የሽርት ውሃ እንደ ሳሙና እንደሚያንሸራትት፣ ያቺ ሁሉ ላም ስትወድቅ አጠገቧ ያለ ሰው መግቢያ እንደሚያጣ ያወቅኩት እኔም በተራዬ ከብት ማርባት ስጀምር ነው።

አሁን ላሞቼ ሱሉልታ ናቸው። ቡሬን አምስት ዓመት በእጄ አልቤያታለሁ፤ አንድ ቀን እግሯን አንስታብኝ አታውቅም። ሦስተኛዋን በወለደች ሌሊት ጥጃዋ አፍንጫ ላይ ሽፋኑ ተለጥፎ አየሁና ዘልዬ ገባሁ። ጀርባዬን ሰጥቻት ጎንበስ ብዬ ስጠርግ መጣችብኝ። ቀንድ የላትም፤ ግንባሯ በቃ። ግድግዳው ላይ አጣብቃ አንዴ ገፋችኝ፣ ለቀቀችኝ፣ ደግማ ገፋችኝ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለነበር፣ ልውጣ ብል መጀመሪያ ወደ እሷ መሳብ ነበረብኝ። ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰነጠቀ። በማግስቱ ጠዋት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እጄን ላሰችኝ።

ያስጠቃኝ ማወቄ ነው። የማላውቃት ላም ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ በገመድ አስሬ፣ ወይም ጥጃዋን በአጥሩ ሥር ስቤ አውጥቼ ነበር የምጠርገው። ላም በወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእሷና ከጥጃዋ መሃል የቆመን ማንንም አትለይም። ራሷን ዝቅ አድርጋ ትክ ብላ ካየች፣ በአፍንጫዋ ፉፍ ካለች፣ መሬት ከጫረች ወዲያው ወደ ኋላ ማለት ነው፤ ፊትን ሳያዞሩ። እርግጫዋም እንደ ፈረስ ወደ ኋላ ብቻ አይደለም፤ እግሯን ወደ ፊት አዙራ በጎን ትወነጭፈዋለች። ስለዚህ ወይ ትከሻዋ ሥር ተጠግቶ፣ ወይ ሦስት አራት እርምጃ ርቆ መቆም ነው።

ጭድ ተራ እያለን ላማችን ስታምጥ ጎረቤት አይጠራም፣ ልጅ አይጠጋም፣ ውሻው ይታሰራል። ምክንያቱ የሰው ዓይን ነበር። ዓይን ይብላ አይብላ አልከራከርም፤ ግርግር ባለበት ያማጠች ላም ትደነግጣለች፣ የደነገጠች ላም ደግሞ ሰው ትጎዳለች።

እኛ የከተማዎቹ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለብን። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ላሞች በእርዳታ ወደ አገራችን ከገቡ ወዲህ ዲቃላው በዝቷል፤ ወተቱም ጨምሯል። ነገር ግን ትንሽ ጊደር በትልቅ ኮርማ ዘር ስትዳቀል ጥጃው ለማኅፀኗ መውጫ ይገዝፋል። ጊደር ሳትጠና አላስዳቅልም፤ ሰውነቷ አነስ ካለ አዳቃዩን የጄርሲ ዘር እንዲያመጣ እለምነዋለሁ። የሽርት ውሃው ፈስሶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለውጥ ከሌለ፣ ወይም የወጣው የኮቴ መዳፍ ወደ ሰማይ ካየ (ይህ አብዛኛውን ጊዜ በኋላው የሚመጣ ጥጃ ነው) ለእንስሳ ሐኪም እደውላለሁ። ሳብ ከተባልኩም ከምጧ ጋር እስባለሁ፣ ስታርፍ አርፋለሁ። ገመዱን ግን እጄ ላይ አልጠመጥምም። አንድ ረዳቴ ጠምጥሞ ላሟ ድንገት ብድግ ስትል ግቢውን አቋርጣ ጎትታዋለች።

የማይረግጥ፣ የማይዋጋ አደጋም አለ። ሌላው ሠራተኛዬ የአንዷን የእንግዴ ልጅ በባዶ እጁ አንስቶ ቀበረ፤ ላሟ ሳይደርስባት በሰባት ወሯ የጨነገፈች ነበረች። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ያዘው፤ ሲሄድ ሲመለስ፣ ሌሊት ላብ ያሰምጠዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል። እንደ አገራችን ልማድ ታይፎይድና ታይፈስ ተባለና ያንን ሲውጥ ከረመ። ከላም ጋር እንደሚውል የጠየቀው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ብሩሴሎሲስ ሆኖ ተገኘ፤ ስድስት ሳምንት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ዋጠ። ዛሬ ማንም ያለ ረጅም ጓንት አይነካም፤ የእንግዴ ልጁ ውሻ በማይደርስበት ጉድጓድ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበራል፤ እርጉዝ ሴት ወደ በረቱ አትገባም። እንገሩንም ሳይፈላ የሚቀምስ የለም፤ ስንት ዓመት ጥሬውን እንዳልጠጣን! ጥጃው ግን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት እስኪጠግብ ሊጠባ ይገባዋል።

ባለፈው ሰኔ የቡሬ ልጅ ወለደች። በሩ ከአደጋው ወዲህ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ መቀርቀሪያውም አንድ ብቻ፣ በክርን የሚገፋ። ጭዱን ከዋዜማው በወፍራሙ አንጥፈናል፤ ክንዴን ማዳበሪያው ውስጥ ከትቼ አሽትቼዋለሁ። ጥጃዋ ትንፋሽ አላት፣ ጆሮዋን ታራግፋለች። ለእትብቷ አዮዲኑን ይዤ ከበሩ ውጭ ቆሜያለሁ።

«ጋሼ፣ አይገቡም እንዴ?» አለኝ ረዳቴ።

«ልሳ ትጨርስ» አልኩት።