ጡሩምባው ሳይነፋ

የሜዲቴሽን አፔን ለሦስት ቀን ሳልከፍተው ብቀር «ተከታታይ ቀኖችህ ተቋርጠዋል» የሚል መልእክት ላከልኝ። ለመረጋጋት የጫንኩት ነገር ወቀሰኝ እኮ! ሶፍትዌር ስለምሠራ ዘዴው አይጠፋኝም። ቆጣሪው የተሠራው እንድድን ሳይሆን እንድመለስ ነው። ከዳንኩማ ደንበኝነቴ ያበቃል።

የዚህ ገበያ መፈክር «ራስን መንከባከብ» ነው። መፈክሩ ሲነሳ ደግሞ የጥቁር አሜሪካዊቷ ገጣሚ የኦድሪ ሎርድ ስም አብሮ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመውን «ኤ በርስት ኦፍ ላይት» የተባለ መጽሐፏን ስከፍት የሻማና የሙቅ ውሃ ምክር ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት ግን ካንሰሯ ወደ ጉበቷ የተዛመተባት ሴት የያዘችውን የዕለት ማስታወሻ ነው። ትፈራለች፣ ሕክምና ታማርጣለች፣ ታስተምራለች፤ እዚያው ማስታወሻ ላይ ስለ ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ትቆጣለች። ራሷን የምትንከባከበው ከትግሉ ለመሸሽ ሳይሆን ትግሉ ውስጥ ለመቆየት ነው። ገበያው ቃሏን ወስዶ ጓዶቿን ትቷቸዋል።

እኛ ጋ ጓዶቹ አሉ፤ እድርተኛ ይባላሉ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ይመጣል፣ ጎረቤት ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። «ዛሬ ስሜትህ ከአምስት ስንት ነው?» የሚል የለም። የቀረ ይቀጣል። እኔን የገረመኝ ይሄ ቅጣት ነው፤ ማጽናናት ለሰው ስሜት አልተተወም፣ ግዴታ ሆኗል። አፑ የሚወቅሰው የተጎዳውን ነው፤ እድር የሚቀጣው ግን ለተጎዳው ያልደረሰውን ነው።

ሆኖም እድርን ለማሞገስ ስንቸኩል የምንዘለው ነገር አለ። መዋጮ መክፈል ያቃተው ሰው ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል። ጭስ የሚበላቸው አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጡሩምባው የሚነፋው ከሞትን በኋላ ነው።

አፑን ያልከፈትኩባቸው ሦስት ቀናት ከአልጋዬ መነሳት ያቃተኝ ቀናት ነበሩ። የእናቴ እድር አልሰማም፤ ብሞት ኖሮ ግን ሰፈሩ ሁሉ ደጃችን ላይ ይሰበሰብ ነበር። መጥፋቴን ያወቀው አፑ ብቻ ነው፤ እሱም ቆጣሪዬን ወደ ዜሮ መለሰው።

ስለዚህ ክርክሬ አፑ ይጥፋ፣ ወደ ድሮው እንመለስ አይደለም። ድንኳኑ አለን፣ ወንበሩ አለን፣ መዋጮውም አለን፤ ለመምጣት የለመደ ሰውም አለን። የጎደለን አንድ ሰው በሕይወት እያለ «አልቻልኩም» ሲል የሚነፋ ጡሩምባ ነው።