ንባቡ ተገኝቶ ትርጓሜው ሲጠፋ

ባለፈው ክረምት ሳሪስ የሚገኝ አንድ ሱቅ፥ የዕቃውን ገቢና ወጪ የሚመዘግበውን ፕሮግራም እንዳስተካክል ጠየቀኝ። ጸሐፊው ሥራውን ትቶ ሄዷል። ፕሮግራሙ አለ፤ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደ ተሠራ የሚያስረዳ ግን አንድም መስመር የለበትም። ንባቡን አጥንቶ ለትርጓሜ ሳይደርስ መምህሩ እንደ ሞተበት ተማሪ ሆንሁ።

ለዚህ ችግር አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዶናልድ ክኑት መድኃኒት አቅርቦ ነበር። በ1984 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሊተሬት ፕሮግራሚንግ» በተባለው ጽሑፉ፥ ፕሮግራም ከሁሉ አስቀድሞ ለሰው መጻፍ ይገባዋል ሲል ተከራከረ። ማብራሪያውና ትእዛዙ በአንድ ፋይል ይጻፋሉ። «ዌብ» በተባለው መሣሪያው ውስጥ ታንግል ለኮምፒውተሩ የሚሆነውን፥ ዊቭ ደግሞ ለአንባቢ የሚታተመውን ያወጣል። ቴክ የተባለው የኅትመት ፕሮግራም በዚሁ ዘዴ ተጽፎ በ1986 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል።

መሣሪያዎቹን ማግኘት ግን አድካሚ ነው። ዛሬ «ዌብ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ኢንተርኔቱን ያገኛል እንጂ የክኑትን ሥራ አያገኝም። መንገዱን ያሳየኝ የገዛ ፊደላችን ነው። ብርሃኑ በየነ፥ ማንፍሬድ ኩድሌክ፥ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትሲንገር ለቴክ ያዘጋጁትን «ኢትዮፕ» የተባለ የፊደል ጥቅል ስፈልግ፥ ሲታን ከተባለው የቴክ ተጠቃሚዎች ማኅደር ደረስሁ። ኖዌብ፥ ኑዌብና ኤፍዌብም በዚያው ማኅደር ተቀምጠው ኖረዋል።

የተገኘ ሁሉ ግን አይጠቅምም። ዌብ ከፓስካል፥ ሲዌብ ከሲ ቋንቋ ጋር የታሰሩ ናቸው፤ የእኛ ተማሪ ግን የሚጽፈው በፓይተን ነው። ኖርማን ራምዚ በ1989 የጀመረው ኖዌብ ቋንቋ አይመርጥም፤ ምልክቶቹም ጥቂት ናቸው። ማብራሪያውን በአማርኛ ጽፌ ሞከርሁት፤ ፓይተኑን ለይቶ አወጣልኝ። ችግሩ ኅትመቱ ላይ ነው። የቀድሞው ቴክ ፊደላችንን በቀጥታ አያነብም፤ ኢትዮፕም አማርኛውን በላቲን ፊደል ጻፉልኝ ይላል። ስለዚህ ዩኒኮድ ወደሚያነበው ወደ ዚቴክ መሄድ ግድ ሆነብኝ።

ጓደኞቼ «ጁፒተር እያለ ምን አደከመህ?» ይሉኛል። ጁፒተር ማብራሪያን ከትእዛዝ ጎን ማስቀመጡ መልካም ነው። ነገር ግን ትእዛዙ የሚደረደረው ኮምፒውተሩ በሚፈጽምበት ቅደም ተከተል ነው። ክኑት ለጸሐፊው የሰጠው ትልቁ ነፃነት፥ ነገሩን ሰው በሚረዳበት ቅደም ተከተል ማስረዳት ነበር፤ ጁፒተር የተወውም ይህንኑ ነው።

በእኔ አስተያየት ዘዴው ያልተስፋፋው መሣሪያው ስለ ተሰወረ ብቻ አይደለም። ማብራሪያ መጻፍ ጊዜ ይፈጃል፤ አሠሪውም የሚከፍለው ፕሮግራሙ ስለ ሠራ እንጂ ስለ ተብራራ አይደለም። ዋጋው የሚታወቀው ጸሐፊው ከሄደ በኋላ ነው። ሊቃውንቶቻችን የአንድምታን ትርጓሜ ከንባቡ ጋር እያያያዙ ማስተማራቸው ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

የሱቁን ፕሮግራም አሁን በኖዌብ እንደ ገና እየጻፍሁት ነው። ሥራው በእጥፍ ረዝሞብኛል። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ግን ንባቡንም ትርጓሜውንም በአንድነት ያገኛል።