ማን ይቁም፣ ማን ይሂድ

ከተከታታይ ፎቶዎች የተገጣጠመ የጨረቃ ግርዶሽ ቪዲዮ ከፍታችሁ ጨረቃዋ ወባ እንደያዘው ሰው ስትንቀጠቀጥ ካያችሁ፣ ነፋሱን ወይም ርካሹን ትራይፖድ ለመውቀስ አትቸኩሉ። ነፋስ ያበላሸው ፎቶ ይጣላል፣ አለቀ። መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ካሜራው ቦርሳ ከገባ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ነው። ፎቶዎቹን የሚያገጣጥመው ሰው ማን ቆሞ ማን እንዲሄድ እንደሚፈልግ ሳይወስን ሶፍትዌሩን ያስነሳል፤ ሶፍትዌሩም ካልነገሩት የራሱን ይወስናል።

የጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ግርዶሽን ልውሰድ። የምድር ጥላ ጨረቃን መንካት የጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1:27 ላይ ነበር። ከ2:30 እስከ 3:52 ሙሉ በሙሉ ዋጣት፣ 4:56 ላይ ለቀቃት። ይህ 209 ደቂቃ ነው። በየ20 ሰከንዱ አንድ ፎቶ የሚያነሳ ሰው 627 ፎቶ ይይዛል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሄድ የ25 ሰከንድ ቪዲዮ ማለት ነው። የጳጉሜን ሰማይ ዳመና ስለማያጣው ሁሉም ፎቶ አይገኝም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በ400 ሚሊሜትር ሌንስ የጨረቃ ስፋት በብዙ ካሜራዎች ላይ 900 ፒክስል ገደማ ይሆናል። ካሜራው ዝም ብሎ ትራይፖድ ላይ ከቆመ፣ በምድር መዞር ምክንያት ጨረቃ በሁለት ደቂቃ አካባቢ የራሷን ስፋት ያህል ትሸሻለች። ሙሉ ግርዶሽ ላይ ስትደበዝዝ ደግሞ ሁለት ሰከንድ ያህል መጋለጥ ያስፈልጋል፤ በዚያች ሁለት ሰከንድ ብቻ ምስሉ ወደ 15 ፒክስል ይጎተታል። ስለዚህ ካሜራውን ከሰማዩ ጋር የሚያዞር ትራከር የግድ ነው። ትራከሩ የሚስተካከለው በሰሜን ኮከብ ነው፤ እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ፈተና ይጀምራል። ኮከቡ ከአድማስ ከፍ የሚለው የቦታውን ኬክሮስ ያህል፣ ማለትም 9 ዲግሪ ብቻ ነው። በሰሜን በኩል ደግሞ እንጦጦ ቆሟል። በአውሮፓ ሰገነት ላይ አናታቸውን ቀና አድርገው የሚያገኙትን ኮከብ እኛ በቤት ጣሪያና በባሕር ዛፍ መካከል እንፈልገዋለን፤ ካጣነው በኮምፓስ ገምተን እንተወዋለን። በግምት የቆመ ትራከር ጨረቃን ቀስ እያለ ከመሃል ያስወጣታል፣ ትንሽም ያዞራታል። ቀሪውን ስህተት የሚያርመው የማገጣጠም ሥራው ነው።

አብዛኞቹ ቀላል ሶፍትዌሮች የሚሠሩት የብርሃኑን መሃል በመፈለግ ነው። እያንዳንዱን ፒክስል እንደ ድምቀቱ ይመዝኑና ሚዛኑ የሚያርፍበትን ነጥብ የፍሬሙ መሃል ላይ ያስቀምጡታል። ለሙሉ ጨረቃ ድንቅ ዘዴ ነው። ግርዶሽ ሲጀምር ግን ሚዛኑ ብርሃን ወዳለበት ጎን ያዘነብላል፤ ጥላው በገፋ ቁጥር ሶፍትዌሩ የቀረችውን ማጭድ የመሰለች ብርሃን እየጎተተ መሃል ያደርጋታል። ውጤቱን ያየ ሰው ጥላው ቆሞ ጨረቃዋ ስትንሸራተት፣ ሙሉ ግርዶሹ ሲደርስ ደግሞ ዘላ ስትመለስ ያያል። ሶፍትዌሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ።

እኔ የማምነው ጠርዙን ነው። ብርሃን ያለበት የጨረቃ ጠርዝ፣ ምን ያህል ቢቀጥን፣ ስፋቱ የታወቀ የአንድ ክብ ቁራጭ ነው። ጠርዙ ላይ ብዙ ነጥቦች ወስዶ ክብ ማስመር፣ የክቡንም መሃል መያዝ ነው። ጠርዙ ሲጠፋ ፊቷ ላይ ያሉ ምልክቶች ይተካሉ፦ በደቡብ በኩል ጨረር የዘረጋው ታይኮ፣ በጨለማም ውስጥ ነጣ ብሎ የሚታየው አሪስታርከስ፣ በዳር ያለው ሞላላው ጥቁር ሜዳ ማሬ ክሪዚየም። ሁለት የተራራቁ ምልክቶች ካልተያዙ መዞሩ አይታረምም። ያለ ትራከር ለሚያነሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በእኛ አገር ጨረቃ በጎኗ ተጋድማ ትወጣለች፣ ወደ ሰማዩ አናት ስትቃረብ ደግሞ ፊቷ በብዙ ዲግሪ ዞሮ ይገኛል።

ምልክት ተይዞም ቢሆን እያንዳንዱ ልኬት ትንሽ ይስታል። አየሩ ጠርዙን ያፈላዋል፣ ቀጭን ዳመና አንዱን ጎን ያደበዝዛል። የአንድ ፒክስል ስህተት በአንድ ፎቶ ላይ ማንም አያየውም፤ በሰከንድ 25 ጊዜ ሲቀያየር ግን ዓይን ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ የተገኘውን ልክ እንዳለ አልቀበልም። የ627ቱን ፎቶ ቦታ በሰንጠረዥ አውጥቼ በመስመር እሥለዋለሁ፣ ከዚያ ነጥቦቹ መካከል የሚያልፍ ለስላሳ መስመር አሰምራለሁ፤ ፎቶው የሚቀመጠው በመስመሩ ላይ ነው። ካሜራው ተነክቶ ከሆነ መስመሩ እዚያ ላይ ይሰበራልና ሁለት አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ሌላው ዝላይ ሁሉ የልኬት ነው፤ ሰማይ አይዘልም። ይህን ሥራ አሰልቺ የሚሉ አሉ። እኔ ከማንሳቱ ይልቅ ይህን እወዳለሁ፤ ብርድም የለውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጨረቃን አስቁሞ ጥላውን ለማስኬድ ነው። እንዲህ ያለው ቪዲዮ ያምራል፤ ግን እውነቱን ገልብጦ ያሳያል። ጥላው ከሞላ ጎደል ባለበት ነው፤ በሰዓት የራሷን ስፋት ያህል እየተጓዘች የምትገባበትና የምትወጣበት ጨረቃ ናት። አርስቶትል ምድር ክብ ለመሆኗ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ጨረቃ ላይ የሚያርፈው የጥላ ጠርዝ ሁልጊዜ ጎባጣ መሆኑ ነበር። ያ ጉብጠት የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ መሆኑ በግልጽ የሚታየው ጥላው ሲቆም ነው። ያኔ ከጨረቃ ሁለት ከግማሽ ጊዜ በላይ የሚሰፋ፣ ራሱ የማይታይ ጨለማ ክብ በጨረቃ ላይ በሚያልፈው ጠርዙ ብቻ ተስሎ ይወጣል።

ችግሩ የጥላው ጠርዝ በከባቢ አየራችን የተነሳ ብዥ ያለ መሆኑ ነው፤ በፒክስል ደረጃ ሊያዝ አይችልም። ስለዚህ በዓይን ሳይሆን በሰዓት ይገጠማል። መጀመሪያ ጨረቃዎቹ በሙሉ ይነባበራሉ፤ ከዚያ እያንዳንዷ በተነሳችበት ሰከንድ ልክ በጉዞዋ አቅጣጫ ትገፋለች። በ20 ሰከንድ የሚደርሳት 5 ፒክስል ገደማ ነው። ሰዓቱ ሲወሰድ ፋይሉ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠበትን ሳይሆን ካሜራው ፎቶው ውስጥ የመዘገበውን ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በመግቢያዋና በመውጫዋ ያሉት የጥላ ጠርዞች አንድ ክብ ላይ ካልገጠሙ አቅጣጫው ወይም ፍጥነቱ ተሳስቷል።

ከፎቶው ውጭ ያለ መነሻ መፈለግ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማንሳት በሠሩት መሣሪያ ውስጥ፣ ከመስተዋቱ ሰሌዳ ፊት እንደ ግንበኛ ቱምቢ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ክሩ በምስሉ ላይ አብሮ ታትሞ የቱ ወደ ታች እንደሆነ ይመሰክራል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዴቪድ ፔክ ቶድ ይህንኑ የቬኑስ ማለፍ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1882 ካሊፎርኒያ ሐሚልተን ተራራ ላይ ያነሳቸው 147 ሰሌዳዎች ከመቶ ዓመት በላይ በሊክ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ከተቀመጡ በኋላ፣ አንቶኒ ሚሽና ዊልያም ሺሃን አሰልፈው ተንቀሳቃሽ ፊልም አድርገዋቸዋል። ቶድ ፊልም ሊሠራ አላሰበም፤ ለልኬት ብሎ ነው።

ዳመናው የበላውን ቦታ በተመለከተ፣ ሶፍትዌር አጎራባች ፎቶዎችን አዋህዶ የጎደለውን እንዲፈጥር የሚያደርጉ አሉ። አይዋጥልኝም። ጨረቃ በሰዓቷ ልክ ዘላ ትታይ፣ ጥግ ላይ ሰዓቱ ይጻፍ፤ ተመልካች ዳመና ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚመጣው የፀሐይ ግርዶሽ በኢትዮጵያ ከፊል ነው፤ በክረምት መሃል ስለሆነም እንዲታይ ዕድል ይጠይቃል። ጂዳና መካ ያሉ ወገኖቻችን ግን ከ5 ደቂቃ በላይ ሙሉውን ያያሉ፤ ካሜራ ያላቸው ከወዲሁ ይወስኑ። በሙሉ ግርዶሹ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ጠርዝ የጨረቃ ነው፤ በዙሪያው ያለው ነጭ አክሊል ግን የፀሐይ። በጥቁሩ ክብ ካስተካከሉ በ5 ደቂቃ ውስጥ አክሊሉ ወደ 70 ፒክስል ይሸሻል። እኔ ብሆን ፀሐይን አቆማለሁ፤ ጠርዟ ላይ ቀይ እሳት ከታየ እሱን እይዛለሁ፣ ከሌለ በሰዓት አሰላለሁ። ሌንሱ ላይ ያለው የፀሐይ ማጣሪያ ሲወልቅና ሲመለስም ካሜራው መነካቱ ስለማይቀር፣ መስመሩ እዚያ ሁለት ቦታ እንደሚሰበር ጠብቀው ለሦስት ከፍለው ይሥሩት።