ሠርጉስ ሆነ፤ ሥራውስ?
«የሕይወታችን ምርጥ ዓመታት» በተባለው ፊልምና በገዛ ድርሰቶቻችን ላይ የቀረበ ኂስ

ከእጅ ወደ እጅ በምትዞረው በዚህች ጽሑፋችን ባለፉት ሦስት እትሞች፣ እጁን ወይም እግሩን በጦርነት ያጣ ወታደር የሚገኝባቸው ሦስት አጫጭር ልብ ወለዶች ወጥተዋል። በመጀመሪያው ወታደሩ ራሱን ይሰቅላል፤ በሁለተኛው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲለምን የቀድሞ እጮኛው ሳንቲም ጥላለት ታልፋለች፤ በሦስተኛው ደግሞ የተቆረጠ እግሩን እያሰበ ሲያለቅስ ይነጋል። ሦስተኛውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰነዝረው ኂስ መጀመሪያ የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው።

ነገሩን ያስነሣው አንድ የንባብ ክበባችን አባል ነው። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ፈንጂ ወስዶበታል። ጫማ ይሰፋል፤ ጠዋት ጠዋት ከቦኖው ሁለት ጀሪካን ውሃ በጋሪ እየገፋ ይወስዳል። ሦስቱንም ድርሰቶች ካነበበ በኋላ «መምህር፣ በሦስቱም ሞቻለሁ» አለኝ። «አንዱ እንኳ ቁጭ ብሎ ምሳ ሲበላ አላየሁም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱ ሲደርሰው ሳይገልጥ ለጎረቤቱ ያሳልፋል። በእጅ ተገልብጣ ለምትዞር ጽሑፍ አንድ አንባቢ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ በተለይም የተጻፈው ስለ እርሱ ከሆነ።

በዚህ መካከል «የሕይወታችን ምርጥ ዓመታት» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበን አየነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣ፣ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ አንዲት ከተማ የሚመለሱ የሦስት ሰዎችን ታሪክ ይናገራል፤ አንዱ የባንክ ሠራተኛ የነበረ ሃምሳ አለቃ፣ ሁለተኛው ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን የወረደ መኮንን፣ ሦስተኛው ሁለት እጆቹን ያጣ ሆመር የሚባል ወጣት መርከበኛ ናቸው።

ሆመርን ሆኖ የተጫወተው ሃሮልድ ራስል የሠለጠነ ተዋናይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1944 እዚያው አሜሪካ ውስጥ በጦር ማሠልጠኛ ሳለ ፈንጂ ፈንድቶ ሁለት እጆቹን የወሰደበት ወታደር ነው። ፊልሙ የተመሠረተበት የማኪንሌ ካንተር መጽሐፍ በ1945 ሲታተም፣ በውስጡ ያለው ሆመር የአንጎል ጉዳት ደርሶበት ሰውነቱ የማይታዘዝለት ሰው ነበር። የፊልሙ አዘጋጅ ዊልያም ዋይለር ግን ራስልን ጦሩ ባሠራው አጭር ፊልም ላይ አይቶት ገጸ ባሕርዩን በእርሱ ልክ እንዲለወጥ አደረገ። ዋይለር ራሱም በጦርነቱ ጊዜ ከአውሮፕላን ላይ ፊልም ሲያነሣ የመስማት ችሎታውን በከፊል ያጣ ሰው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የፊልሙ ብርታት ምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው፤ ሥራውን ያሳያል። ሆመር በእጆቹ ፈንታ የብረት መንጠቆ አለው። መንጠቆው የሚሠራው በትከሻ ላይ በሚታሰር ማሰሪያና ከማሰሪያው በሚነሣ የሽቦ ገመድ ነው። ሰውዬው ትከሻውን ሲያንቀሳቅስ ገመዱ ተስቦ መንጠቆው ይከፈታል፤ ሲለቀው የላስቲክ ቀለበቶቹ መልሰው ይዘጉታል። በፊልሙ መጀመሪያ ሆመር በዚህ መሣሪያ ክብሪት ጭሮ ለጓደኞቹ ሲጋራ ይለኩሳል። ስለ ጉዳቱ ሰፊ ንግግር ከመስማታችን በፊት ክብሪቱ ሲበራ እናያለን።

በቡና ቤቱ ውስጥ ፒያኖ የሚጫወትበትን ክፍልም ልብ እንበል። ሆመር ከፊት ለፊታችን ቁልፎቹን በመንጠቆው ይመታል፤ በዚያው ምስል ውስጥ፣ ከክፍሉ ጥግ፣ መኮንኑ ከሚያፈቅራት ልጅ ጋር ግንኙነቱን ለማቋረጥ ስልክ ይደውላል። የልጅቱ አባት ፒያኖው ዘንድ ቆሞ ልቡ ያለው ስልኩ ላይ ነው። እኛ ብንጽፈው ኖሮ ሙዚቃው ቆሞ ሁሉም ያለቅስ ነበር። ዋይለር ግን የሆመር ፒያኖ ከቡና ቤቱ ብዙ ጉዳዮች አንዱ እንዲሆን አደረገ። ከዚህ የበለጠ አክብሮት ከአንድ አዘጋጅ ምን ይጠበቃል?

ይህ ማለት ፊልሙ ሐዘኑን ይደብቃል ማለት አይደለም። ሆመር ቤቱ ደጃፍ ደርሶ ጓደኞቹን በመንጠቆው ሲሰናበት እናቱ ድንገት አይታ ሳግ ይቀድማታል። ልጆች በመስኮት ተደብቀው ሲያዩት ደግሞ በቁጣ መስተዋቱን በመንጠቆዎቹ ይሰብረዋል። ከሁሉም በላይ ያለው የመኝታ ቤቱ ክፍል ነው። ዊልማ የምትባለው እጮኛው ምን እንደሚጠብቃት እንድታውቅ ወደ ክፍሉ ይወስዳትና ማሰሪያውን በፊቷ ያወልቃል። ከዚያ በኋላ በሩ ቢዘጋበት መክፈት፣ መንጠቆውንም መልሶ መልበስ እንደማይችል ይነግራታል። እርሷ የሌሊት ልብሱን ትቆልፍለታለች። ጫማ ሰፊው ወዳጃችን እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ቆይቶ «ይኼ ሰውዬ ሌሊቱን ያውቀዋል» አለ። በሦስት ድርሰቶች ያላገኘነው ምስክርነት ይህ ነው።

እንግዲህ ጉድለቱን እንናገር። ፊልሙ ለሁለቱ ጓደኞች የሥራን ጥያቄ ያነሣል፤ አንዱ ባንክ ውስጥ ከሕሊናው ጋር ይሟገታል፣ ሌላው ሥራ ፍለጋ ይንከራተታል። ለሆመር የተነሣለት ጥያቄ ግን «ማን ያገባዋል?» የሚል ብቻ ነው። ከመንግሥት የጡረታ አበል ያገኛልና ሥራው ተረሳ። በመጨረሻ በሠርጉ ላይ ቀለበቱን በመንጠቆው ሲያጠልቅ ሁላችንም ደስ አለን፤ ነገር ግን ሰኞ ጠዋት ወዴት እንደሚሄድ ፊልሙ አልነገረንም።

የጎደለውን የሞላው የተዋናዩ ሕይወት ነው። ራስል እ.ኤ.አ. በ1947 በዚህ አንድ ሚና ሁለት የኦስካር ሽልማት ከተቀበለ በኋላ ወደ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ትምህርቱን ጨረሰ፤ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበርን መራ፤ ከ1964 ጀምሮ ደግሞ አካል ጉዳተኞች ሥራ እንዲያገኙ የሚሠራውን የፕሬዚዳንቱን ኮሚቴ ለብዙ ዓመታት በሊቀ መንበርነት መራ። እጅ የሌለው ሰው ስንት ዘመን የታገለው አሠሪዎች በር እንዲከፍቱ ነው። በ1992 ከሁለቱ ሽልማቶች አንዱን ሲሸጥ ምክንያቱ የባለቤቱ የሕክምና ወጪ እንደሆነ ተናግሯል። ይህ ባል የመሆን ታሪክ ከሠርጉ ቀን በኋላ ያለው ነው፤ ለደራሲ የሚበጀውም እርሱ ይመስለኛል።

«ልመናውስ እውነት አይደለም ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው። በደርግ ዘመን ደብረ ዘይት ላይ ለጦር ጉዳተኞች «የጀግኖች አምባ» ተቋቁሞላቸው ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲፈርስ ግን በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በክራንች ቆመው የሚለምኑ የቀድሞ ወታደሮችን ያላየ የለም። ይህን የሚደብቅ ጸሐፊ ይዋሻል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የለመኑት እግራቸው ስለ ተቆረጠ አልነበረም፤ ደመወዛቸው ስለ ተቆረጠ፣ የሚቀጥራቸውም ስለ ታጣ ነው። እኛ ምክንያቱን ሁሉ እግሩ ላይ አሸከምነው። እግር ደግሞ አይጠየቅም፤ አሠሪ፣ መንግሥት፣ ጎረቤት ግን ይጠየቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት በየወገኑ ስንት ወጣት አካሉን እንዳጣ እዚህ ያለን ሁሉ በዓይናችን አይተናል። ስለ እነርሱ ስንጽፍ ወይ ጀግና ወይ ለማኝ ብለን የምንገላገል ከሆነ ብዕራችን ያንኑ የቆየ ጥፋት ይደግማል።

ስለዚህ ለክበባችን ጸሐፊዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ስለ አካል ጉዳተኛ ከመጻፋችን በፊት አንድ ቀን አብረነው እንዋል። ውሃውን እንዴት እንደሚቀዳ፣ ለራሽን ሰልፍ ሲቆም ክብደቱን በየትኛው ወገን እንደሚጥል፣ ሥራ ሲጠይቅ ምን እንደሚባል እንወቅ። ማልቀስ ካለበትም ያልቅስ፤ ግን ከሥራ ሰዓቱ ውጭ።

የእኔን ድርሰት እንደገና ጀምሬዋለሁ። ወታደሩ አሁን ጋሪ ይገፋል፤ ጋሪው ጭቃ ውስጥ ገብቶበታል። እንዴት እንደሚያወጣው ስላላወቅሁ ጫማ ሰፊውን ሄጄ ጠየቅሁት። ሲሠራ ስለነበር ቀና ሳይል «መጀመሪያ አንዱን ጀሪካን ያውርድ» አለኝ። ሲያልቅ ሊያነብልኝ ቃል ገብቷል።