የፈረንሳይኛ ትእዛዝ አንቀጽ እንዴት ይቀርብልናል?

የፈረንሳይኛን ሰዋስው የሚያስተምሩ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ስለ ትእዛዝ አንቀጽ የሚሰጡት ማብራሪያ እጅግ አጭር ነው። ሦስት ዘር ብቻ አለው፤ ተውላጠ ስሙ ይጣላል፤ በ«ኤር» ከሚጨርሱት ግሶች በነጠላው ላይ «ኤስ» የምትባለው ፊደል ትወድቃለች፤ አራት ግሶች ግን ከሕጉ ይወጣሉ። ይኸው ነው። ተማሪው ይህን በአንድ ሌሊት አጥንቶ በማግሥቱ ለፈተና ሊቀርብ ይችላል፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ያጠናውን ከወረቀት ወደ አፉ ሊያመጣው በፈለገ ጊዜ አንደበቱ ይታሰራል። በዚህ ሐተታ ለማሳየት የምንሞክረው፥ ይህ መታሰር ከተማሪው ስንፍና ይልቅ ከትምህርቱ አቀራረብ የመጣ መሆኑን ነው።

በሁለተኛ ደረጃ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን አንድ የክፍል ጓደኛ ነበረን። የግስ ሠንጠረዥ በቃሉ ሲወጣ ከእርሱ የሚስተካከል አልነበረም። አንድ ቀን ፈረንሳዊ እንግዳ ወደ ክፍላችን ገባና መምህራችን ለእንግዳው ወንበር እንዲሰጥ ያንን ልጅ አዘዘው። ልጁም ወንበሩን አቀረበና «አሴዬ ቱዋ» አለ። ግሱን በአክብሮት፥ ተውላጠ ስሙን በ«አንተ» መናገሩ ነበር። እንግዳው ሳቀ፤ እርሱን ተከትሎ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ከሳቁትም መካከል እኛ ነበርንበት። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በፈረንሳይኛው ሰዓት አፉን አልከፈተም።

ስሕተቱን አሁን ስንመረምረው የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም። አማርኛ የሚናገር ልጅ «ተቀመጥ» ሲል «ተ» በግሱ ውስጥ ስላለች ሌላ ቃል አያስፈልገውም። ፈረንሳይኛ ግን ያንኑ አሳብ ለመግለጽ ከግሱ ኋላ ተውላጠ ስም ያስከትላል፤ ለቅርብ ሰው «አስዬ ቱዋ»፥ ለሚከበር ሰው «አሴዬ ቩ» ይባላል። «አስዬ» እና «አሴዬ» ለባዕድ ጆሮ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ አንባቢ ራሱ ጮክ ብሎ ይሞክረው። ደግሞም እኛ «ተቀመጥ፥ ተቀመጪ፥ ተቀመጡ፥ ይቀመጡ» እያልን አራት ስንለይ እነርሱ በሁለት ይጨርሱታል። ሴትና ወንድ አይለዩም፤ ብዙ ሰዎችንና አንድ የተከበረ ሰውን በአንድ «ቩ» ያዝዛሉ። ልጁ «ተቀመጡ»ን ከ«ይቀመጡ» የሚለይለት ሌላ መንገድ ሲፈልግ ሁለቱን አደባለቀ። መጽሐፉ ግሱን በአንድ ምዕራፍ፥ ተውላጠ ስሙን በሌላ ምዕራፍ፥ የአክብሮቱን ነገር ደግሞ በአንድ መስመር ማስታወሻ ብቻ ስለ ሰጠው፥ ሦስቱን በአንድ ጊዜ የተጠቀመው በዚያ ቀን መጀመሪያው ነበር።

ወደ «ኤስ» እንመለስ። «ትወድቃለች» የሚለው ሕግ የዓይን ሕግ እንጂ የጆሮ ሕግ አይደለም። «ቱ ፓርል» (ትናገራለህ) እና «ፓርል» (ተናገር) በድምፅ አንድ ናቸው፤ በፊደላችን ስንጽፋቸውም የሚወድቅ ነገር አናይም። የሚሰማ ነገር የሚመጣው በተቃራኒው፥ ፊደሊቱ በምትመለስበት ቦታ ነው። «ቫ» (ሂድ) ከ«ኢ» ጋር ሲገናኝ «ቫ ዚ»፥ «ዶን» (ስጥ) ከ«አን» ጋር ሲገናኝ «ዶን ዛን» ይሆናል። ይህ በየቀኑ በሰው አፍ ሲነገር የሚሰማ ሆኖ ሳለ ብዙዎቹ መጻሕፍት በግርጌ ማስታወሻ ያልፉታል፤ ማንም የማይሰማውን መውደቅ ግን በደማቅ ፊደል ያትሙታል።

በታሪክም ቢሆን «ትወድቃለች» ማለት ልክ አይደለም። በላቲን «ዘምር» የሚለው ትእዛዝ «ካንታ» ነው፤ ኤስ የለበትም፤ ከእርሱ የተወለደው «ሻንት»ም ከመጀመሪያው አልነበረበትም። እንዲያውም ተጨማሪ የተደረገላቸው ሌሎቹ ናቸው። «ና» እና «በል» የሚሉት ትእዛዞች በጥንታዊው ፈረንሳይኛ ያለ ኤስ ይጻፉ ነበር፤ ኋላ ግን በሐተታው አንቀጽ አምሳል ኤስ ተቀጠለላቸው። ስለዚህ አንዱ የጣለ ሳይሆን ሌላው የጨመረ ነው። ታሪኩን ለጀማሪ ማስተማር ያስፈልጋል አንልም፤ ነገር ግን «በኤር የሚጨርሱ ግሶች» የሚለው አጥር ራሱ አይበቃም። መክፈትና ማበርከት የሚሉት የፈረንሳይኛ ግሶች በ«ኢር» የሚጨርሱ ሲሆኑ በትእዛዝ ኤስ የላቸውም። በማይነበበው «ኧ» የሚጨርስ ትእዛዝ ሁሉ ኤስ የለውም፥ «ቫ»ም ከእርሱ ጋር ይቈጠራል ቢባል ሕጉ አጭርም እውነተኛም በሆነ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ግን «ከሕግ የወጡ» የሚባሉት አራት ግሶች ነገር ነው። መሆን «ሱዋ፥ ሱዋዮን፥ ሱዋዬ» ይላል፤ መኖር ወይም መያዝ «ኤ፥ ኤዮን፥ ኤዬ»፤ ማወቅ «ሳሽ፥ ሳሾን፥ ሳሼ»፤ መፈለግ «ቨይ» እና «ቨዬ»። እነዚህ በቃል ብቻ እንዲያዙ ተሰጡን። ነገሩን የተመለከተ ሰው ግን ከዘንድ አንቀጽ የተወሰዱ መሆናቸውን ወዲያው ያያል። ከእኛ መካከል ግእዝ የቀመሰ ተማሪ ይህን ቢነገረው ኖሮ ምንም አይደነቅም ነበር፤ በግስ ትምህርት «ይቅትል፥ ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል፥ ይግደል» እያለ ዘንድና ትእዛዝ በአንድ መልክ ሲሄዱ ሰምቷልና። ለፓሪስ ልጅ ወጣ ያለ ነገር የሚመስለው ለቅኔ ቤት ልጅ የተለመደ መንገድ ነው። እርግጥ ነው፥ መመሳሰሉ ፍጹም አይደለም፤ በዘንድ «ሳሺዮን» የሚለው በትእዛዝ «ሳሾን» ሆኗል። ቢሆንም ከአራት ባዕዳን ቃላት ይልቅ አንድ ምክንያት መያዝ ይቀላል።

በዚሁ መንገድ «ሦስት ዘር ብቻ አለው» የሚለውም ለእኛ ተማሪ ግራ ነው። የእኛ ሊቃውንት «ይምጣ» እና «እንሂድ» የሚሉትን ከትእዛዝ ይቈጥራሉ። ፈረንሳይኛ «እንሂድ»ን በትእዛዝ ውስጥ አስገብቶ «አሎን» ይላል፤ «ይምጣ» ለማለት ግን «ክ» የሚለውን ቃል አስቀድሞ ዘንድ አንቀጽን ይጠራል፤ «ኪል ቪየን» ይላል። ስለዚህ ዘሩ ጐደለ ከማለት በሌላ በር ገባ ማለት ይሻላል።

ስለ አሉታው ባጭሩ እንናገር። አማርኛ በትእዛዝ አንቀጹ ላይ አሉታ አይጨምርም። «አትና» አይባልም፤ «አትምጣ» ይባላል፤ ግሱ ይለወጣል፥ ተሳቢው ግን «ስጠኝ፥ አትስጠኝ» እያለ ቦታውን አይለቅም። ፈረንሳይኛ ተቃራኒውን ያደርጋል። «ስጠኝ እርሱን» ሲል «ዶን ለ ሙዋ»፥ «እንዳትሰጠኝ» ሲል «ነ መ ለ ዶን ፓ» ይላል፤ ግሱ ባለበት ይቆማል፥ ተውላጠ ስሞቹ ግን ከኋላ ወደ ፊት ይሻገራሉ፥ ቅደም ተከተላቸውም ይገለበጣል። ይህ ተደጋግሞ በአፍ ሊለመድ የሚገባው ነገር ነው፤ በሠንጠረዥ አይገባም።

የቀረው አጠቃቀሙ ነው። ሞሪስ ግረቪስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ ያሳተመው «ለ ቦን ኡዛዥ» የተባለው ትልቅ መጽሐፍ ትእዛዝ አንቀጽን በሰፊው ይመለከታል፤ ነገር ግን ለሊቃውንት እንጂ ለጀማሪ አልተጻፈም። በእኛ እጅ የነበሩት መጻሕፍት መቼ «ቱ»፥ መቼ «ቩ» እንደሚባል ሲናገሩ «ለወዳጅ» እና «ለማይታወቅ ሰው» ብለው ያልፋሉ፤ ወሰኑ ግን የቆመ አይደለም። በአብዮቱ ዘመን፥ በ1793፥ ዜጎች ሁሉ እርስ በርሳቸው «ቱ» እንዲባባሉ ተሞክሮ ነበር። የፈረንሳይ ካቶሊኮች እስከ 1966 ድረስ በአባታችን ሆይ ጸሎት እግዚአብሔርን «ቩ» ይሉ ነበር፤ በዚያ ዓመት «ዶኔ» የነበረው «ዶን» ሆነ። እኛ ደግሞ ለአምላክ «አንተ»፥ ለመምህር «እርስዎ» እያልን ያደግን ነን። ይህን የመሰለ ነገር ለአንድ ሰዓት ውይይት ቢቀርብ ክፍሉ በሙሉ የሚናገረው ያገኝ ነበር።

ሁሉ ትእዛዝም በትእዛዝ አንቀጽ አይነገርም። በፈረንሳይ ባቡሮች መስኮት ሥር «ነ ፓ ሰ ፓንሼ ኦ ድኦር» የሚል ይጻፍ ነበር፤ ወደ ውጭ ማዘንበል ክልክል ነው እንደ ማለት ሲሆን ግሱ ንኡስ አንቀጽ ነው። በወጥ መጻሕፍትም «ሜላንዤ» (ማማሰል፥ ወይም ያማስሉ) የሚለው አንዳንዴ በንኡስ አንቀጽ፥ አንዳንዴ በትእዛዝ ይጻፋል፤ በጆሮ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። «ቨዬ» የሚለው ደግሞ ለቅርብ ሰው በአፍ ሲነገር ከትሕትና ይልቅ ቁጣ ሊመስል ይችላል፤ በደብዳቤ ግን ያለ እርሱ አይሆንም። ለሥራም ሆነ ለትምህርት ዕድል በፈረንሳይኛ የሚያመለክት ሰው ደብዳቤውን የሚዘጋው «ቨዬ አግሬዬ» ብሎ ሰላምታውን እንዲቀበሉለት በመለመን ነው። በእኛ መጽሐፍ ይህ ቃል ከሠንጠረዡ ግርጌ፥ ከአራቱ የመጨረሻው ሆኖ በደቃቅ ፊደል ታትሞ ነበር፤ መምህራችንም ጊዜ ስላጠረ ዘለለው።