ዛፉ የማይቆረጥበት ተራራ

ከጂዳ በሐረመይን ባቡር መካ፤ ከዚያ በከተማ አውቶቡስ ወይም በታክሲ፤ የቀረው የእግር ነው፣ ጀበል ኑር። ደን አትጠብቁ፤ ቋጥኝ፣ ደረጃና ላብ ብቻ ነው። ግን በመካ ዙሪያ ያለው የተቀደሰ ክልል፣ የሐረም፣ አካል ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ. በ630 መካ ስትከፈት ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ የዱር እንስሳው እንዳይባረር አውጀዋል። እንዲህ ያረጀ ጥብቅ ስፍራ ስንት አለ? አጎታቸው አል-ዐባስ፣ ለቤት ክዳንና ለአንጥረኞች ያስፈልጋል ብለው ስለጠየቁ፣ ኢዝኺር የተባለው ሽታው የሚያውድ ሣር ብቻ ተፈቀደ። የኛው ቢላል መዲና ላይ ትኩሳት ይዟቸው መካን ሲናፍቁ በግጥም ያነሱት ይህንኑ ሣር ነው። እኔ ተራራው ላይ ካለው የሒራ ዋሻ እኩል የምወድለት ይህን ታሪኩን ነው። ለመውጣት ከሱብሒ በፊት መነሳት ይሻላል፤ ረፋዱ ላይ ድንጋዩ ያቃጥላል፣ የዋሻውም ወረፋ አይቻልም።