ከመስታወቱ ወዲህ

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የላፕቶፔ ስክሪን ላይ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ፎቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ እስከ አንገታቸው ጎርፍ ውስጥ ገብተው፣ የዛገች የስፌት መኪናቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ፈገግ ይላሉ። ቦታው ፖርባንዳር፣ ምዕራብ ሕንድ፤ ጊዜው 1983 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ያነሳቸው አሜሪካዊው ስቲቭ ማክከሪ ነው። ኮዴ አልሠራ ብሎ ሌሊቱን ሲያስነጋኝ ሽማግሌውን አይና "እኚህ ሰውዬ እንኳን ይስቃሉ፣ አንተ ምን ሆነህ ነው?" እላለሁ ለራሴ። የሰው ጎርፍ ለኔ የፈተና ሰሞን ማበረታቻ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ያኔ ምንም ነውር አልታየኝም፤ ፎቶው ራሱ እንዲያ አድርጌ እንዳየው የጋበዘኝ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል፤ ከማክከሪ ጋር ያለኝ ጣጣም እሱ ግብዣ ላይ ነው።

ስሙን የማያውቅ እንኳ ሥራውን ያውቃል። በ1984 መጨረሻ ፔሻዋር አጠገብ በነበረ የስደተኞች ካምፕ ያነሳት አረንጓዴ ዓይን ያላት አፍጋናዊት ልጅ በጁን 1985 የናሽናል ጂኦግራፊክ ሽፋን ላይ ወጣች። ስሟ ሻርባት ጉላ መሆኑን ዓለም የሰማው በ2002፣ ማክከሪ ፈልጎ ሲያገኛት ነው። 17 ዓመት ሙሉ ዓይን ብቻ ነበረች። በ2016 ደግሞ በሐሰተኛ መታወቂያ ተከሳ ፓኪስታን ውስጥ ታሰረችና ወደ አፍጋኒስታን ተባረረች። እንግዲህ አስቡት፤ ፊቷን ያላየ የለም፣ መታወቂያ ግን ቸገራት።

በዓል ሲያነሳ የሚደርስበት የለም። ራጃስታን፣ 1996፣ የሆሊ በዓል፤ ቀይ ዱቄት የተነከረ ሕዝብ መሐል አረንጓዴ የተቀባ ሰው በእጆች ተይዞ ከላይ ይንሳፈፋል። ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ)፣ 1993፣ የጋኔሽ በዓል፤ የዝሆን ራስ ያለው ምስል ወደ ባሕሩ እየገባ ነው። ቀለሙ አፍ ያስይዛል። ደጋግሜ ሳያቸው ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር፤ ከሥር ባይጻፍ ኖሮ 1996 ይሁን 1956 በምን አውቅ ነበር? ናይጄሪያዊ-አሜሪካዊው ጸሐፊ ቴጁ ኮል በ2016 ኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ያነሳው ቅሬታ ከዚህ ይቀራረባል። ፎቶዎቹ ከልክ በላይ የተስተካከሉ ናቸው፣ ሕንድን ከዘመኗ አውጥተው ያስቀምጧታል ባይ ነው።

ብዙ ሳይቆይ ጉዱ ወጣ። ጣሊያን ውስጥ ቱሪን አጠገብ በተከፈተ የማክከሪ ኤግዚቢሽን አንድ ጎብኚ ከኩባ የተነሳ ፎቶ ላይ የምልክት ምሰሶ ቁራጭ ከመንገደኛ እግር ጋር ተጣብቆ አገኘ። ፎቶሾፕ ነው። ሰው የድሮዎቹን ቅጂዎች ጎን ለጎን እያስቀመጠ መፈተሽ ያዘ፤ ባንግላዴሽ ውስጥ በዝናብ ኳስ ከሚጫወቱት ልጆች አንዱ፣ በአንደኛው ቅጂ አለ፣ በሌላኛው የለም። ማክከሪ የኩባውን በስቱዲዮው ሠራተኛ ስህተት አሳበበ። ቀጥሎም ራሱን እንደ ጋዜጠኛ ሳይሆን በምስል ተረክ እንደሚተርክ ሰው እንደሚያይ ተናገረ።

እዚህ ላይ ሙያዬ ትንሽ ይረዳኛል። ያ መደምሰሻ መሣሪያ እውነቱን ለመናገር ምንም አይደመስስም፤ ከአጠገብ ያሉትን ፒክስሎች ቀድቶ ላዩ ላይ ይለጥፋል። ልጁ የነበረበት ቦታ ላይ ያለው የጎረቤቱ ኮፒ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ሲዘጋ ብዙም አይደነግጥም። የሚያስፈራው ያለ አንዳች የስህተት መልእክት እየሠራ የተሳሳተ መልስ የሚሰጠው ነው።

ቢሆንም ጫጫታው ዋናውን ነገር የሳተ ይመስለኛል። ማክከሪ እኮ ለብዙ ዓመታት በኮዳክሮም ፊልም ነው የሠራው፤ 36 ፎቶ የምትይዘውን የመጨረሻዋን ጥቅል አንስቶ በ2010 ያሳጠባት እሱ ነው። ፊልም ላይ እንደዚህ በቀላሉ ሰው አይጠፋም። ግን ሞተር ሳይክሉ እስኪያልፍ መጠበቅ ይቻላል። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብሎ የሲኒማውን ፖስተር ማስቀረት ይቻላል። ካሜራ የያዘ ሁሉ ያደርገዋል፣ እኔም። ጥያቄው ሁልጊዜ እየተመረጠ የሚወጣው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሽቦ፣ ፕላስቲክ፣ ካሜራ የያዘ ሌላ ሰው። ባጭሩ ዛሬ።

ከሥራዎቹ ሁሉ አሁንም የማልጠግበው አንድ አለ። ቦምቤይ፣ 1993። ማክከሪ ታክሲ ውስጥ ነው፣ ውጭ ዝናብ ነው። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ መስኮቱ ጋ ቆማለች፤ ምጽዋት ፈልጋ ነው። መሐላቸው ውሃ የሚወርድበት መስታወት አለ። ማክከሪ አይታይም፣ ግን የት እንደተቀመጠ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ደረቁ ቦታ ላይ፣ ሒሳብ ከፍሎ። መስታወቱን የሚያስወግድበት መንገድ አልነበረውም፤ ፎቶውን ያዳነው ይሄው ይመስለኛል።

ሕንዳዊው ራጉቢር ሲንግ (1942–1999) ከዚህ መስታወት ጋር ዓመታት ኖሯል። አምባሳደር በምትባለው የሕንድ መኪና አገሩን እየዞረ፣ በሯን፣ መስኮቷን፣ የጎን መስታወቷን ከነምናምናቸው ፎቶው ውስጥ ያስገባቸዋል። መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ2002 ነው። ሀውራ ላይ በ1991 ያነሳው የመስታወት ሻጭ ፎቶ አለ፤ መንገድ ዳር በተደረደሩት መስታወቶች ውስጥ መንገዱ ተቆራርጦ ይታያል። ኮል ሲንግን ከማክከሪ አስበልጦ ያቀርበዋል። እኔ መጀመሪያ ላይ አልገባኝም ነበር። ዓይኔ የት እንደሚያርፍ አጣ፤ ስልክ ላይማ ጭራሽ ግርግር ነው። በትልቅ ስክሪን ቀስ ብዬ ሳየው ነው የገባኝ፤ እዚያ ፎቶ ላይ ማንም ለኔ ብሎ አልቆመም፣ ሁሉም የራሱ ጉዳይ አለው።

ለኮል ሙሉ በሙሉ እጅ አልሰጥም ግን። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ፎቷቸው ከታተመ በኋላ የስፌት መኪናው አምራች አዲስ መኪና እንደላከላቸው ማክከሪ ይናገራል። የሲንግ ግርግር ለማን መኪና ያስልካል? ይሄን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩትም፤ ፎቶውን ከላፕቶፔ ካነሳሁት ቆይቷል፣ ከሐርድ ዲስኬ ግን አላጠፋሁትም።

ደግሞ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከሁለት ዓመት በፊት ጥምቀትን ጎንደር፣ አክስቴ ቤት አርፌ ነበር ያሳለፍኩት። ፋሲለደስ መዋኛው ጋ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው፣ ጸበሉ ሲረጭባቸው አነሳኋቸው። ከኋላቸው የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ስልክ የያዙ ስድስት ሰባት እጆች፣ አንድ ጎማ ነበር። ማታ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አጠፋኋቸው፤ ስልኬ ላይ በጣት መነካካት ብቻ ነው፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለቀቅኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ብዙ ላይክ አግኝቼ አላውቅም። አንዱ ጓደኛዬ "ይሄ የስንት ዓመተ ምሕረት ፎቶ ነው?" ብሎ ጻፈልኝ፤ እኔ ደግሞ እንደ ሙገሳ ወሰድኩት።

በነጋታው ቡና ላይ ለአክስቴ አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አድርጋ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው።

"ማለፊያ ነው። ግን ልጄ፣ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ጎማው የታለ?"

ዋናውን ፋይል ከፈትኩላት። ጎማው ሰማያዊ ነው። የያዘው ልጅ የእግር ኳስ ማሊያ ለብሷል፣ እየሳቀ ወደኔ ያያል።